ፓሌርሞ ላይ ምን ይበላል፣ ምን ይታለፋል? ከፓኔሌ እስከ ካኖሎ

የጣሊያኗ ደሴት የሲሲሊ ዋና ከተማ በሆነችው ፓሌርሞ ውስጥ አንድ ነገር ከመግዛት በፊት ሁለት ጥያቄ ይጠየቃል፦ መቼ ተሠራ? በምን ተጠበሰ? የመጀመሪያው ጣዕሙን ይወስናል፤ ሁለተኛው ግን ለብዙዎቻችን መብላት አለመብላቱን ራሱ። የሲሲሊ ማዕድ ቤት የአሳማ ሞራ ይወዳል። «ስትሩቶ» ይሉታል፤ ነጭ ነው፣ ሽታው እምብዛም ነው፣ ሲረጋ ቅቤ ይመስላል። የአሳማ ሥጋ ሆኖ ቢቀርብማ ማንም ይጠነቀቅ ነበር። የሚገኘው ግን ዳቦ ሊጥ ውስጥ፣ ካኖሎ የሚባለው ቱቦ መሰል ጣፋጭ ቅርፊት ውስጥና የበሬ ሥጋ የሚሞቅበት ድስት ውስጥ ነው። ስለዚህ ከ«ቦንጆርኖ» ቀጥሎ መጠናት ያለበት «ቼ ስትሩቶ?» የሚለው ነው፤ ስትሩቶ አለበት ወይ ማለት ነው። ሻጮቹ በጥያቄው ቅር አይሰኙም፤ ሥጋ የማይበላ ቱሪስት ስለለመዱ ቁርጥ ያለ መልስ ይሰጣሉ።

ከድሮዎቹ ገበያዎች ስማቸው የሚነሳው ባላሮ፣ ካፖና ቩቺሪያ ናቸው። ለመብላት ባላሮ ይሻላል። ከዋናው ባቡር ጣቢያ በእግር 10 ደቂቃ ገደማ ያስኬዳል፤ የሰፈሩ ሰው ዛሬም ደበርጃኑንና ዓሣውን የሚገዛው እዚያ ስለሆነ የተጠበሰው ሳይበርድ ያልቃል። ካፖ ከማሲሞ ቴአትር ጀርባ ነው፤ እሱም ጥሩ ነው። ቩቺሪያ ገበያነቱ ደክሞ የማታ መጠጥና ጥብስ ሰፈር ሆኗል። ሰዓቱ በእኛ አቆጣጠር ከረፋዱ 4 እስከ ቀኑ 7 ነው። ከዚያ በኋላ መስታወት ሥር ተደርድሮ የሚታየው በአብዛኛው የጠዋቱ ትርፍ ነው።

ከሁሉ ቀድሞ ፓኔሌ ይቀመስ። የሽምብራ ዱቄት፣ ውሃ፣ ጨው፣ ጥቂት ፐርሰሜሎ፤ በቃ። ተገንፍቶ፣ ረግቶ፣ ተቆርጦ በዘይት ይጠበሳል፤ ከዚያ ሰሊጥ የተነሰነሰበት ዳቦ ውስጥ ይገባና ሎሚ ይጨመቅበታል። የሽምብራ አሳ ሲበላ ያደገ ሰው ምላሱ ወዲያው ይለየዋል። ድሮ ፓኔሌውን በእንጨት ቅርጽ እያተሙ በዓሣ አምሳል ያወጡት እንደነበር ይነገራል፤ ዓሣ መግዛት ላቃተው ድሃ «ዓሣ» መሆኑ ነበር። የእኛ እናቶች በጾም የሽምብራ ሊጥ በዓሣ ቅርጽ ሲቆርጡ ከሲሲሊ ጋር አልተማከሩም። ሁለቱንም አንድ ነገር አገናኝቷቸዋል፤ ሽምብራ ሞልቶ ዓሣ ሲጠፋ ወይም ሲከለከል።

የጥሩ ፓኔሌ ውፍረት ከ3 እስከ 5 ሚሊሜትር ነው። ጠርዙ ይንኮሻኮሻል፣ መሀሉ ለስላሳ ነው። ከዚያ ከወፈረ ውስጡ ሊጥ ሊጥ ይላል፤ ከቀጠነ ደግሞ ደርቆ ብስኩት ይሆናል። ዘይቱ በደንብ ሳይግል የገባ ፓኔሌ ዘይት ይጠጣል፤ ይህን ለማወቅ መቅመስ አያስፈልግም፣ የተጠቀለለበትን ወረቀት ማየት ይበቃል። ወረቀቱ ጠብ ጠብ ያለ ነጥብ ብቻ ካለበት ደህና ነው፤ ሙሉ በሙሉ ከረጠበና ከኋላው ጣትዎን ካሳየ ግን ሌላ ቦታ ይሞክሩ። ዋጋው ከነዳቦው ብዙ ቦታ ከ2 እስከ 4 ዩሮ ነው። አብሮ «ካዚሊ» ይጨምርልዎት እንደሆን ይጠየቃሉ፤ የተፈጨ ድንች ከፐርሰሜሎ ወይም ከናና ጋር በጣት መጠን ተጠቅልሎ የተጠበሰ ነው። ይጨመር።

ቤት ውስጥ ለመሥራት ለ500 ግራም ዱቄት 1.5 ሊትር ውሃና አንድ የሾርባ ማንኪያ የማይሞላ ጨው ይበቃል። ዱቄቱ ጥሬ የሽምብራ ዱቄት መሆን አለበት። የሽሮ ዱቄት አይሆንም፤ የተቆላ ስለሆነ እንደ ጥሬው አይያያዝም፣ ቅመሙም መጥበሻው ላይ ያርራል። ዱቄቱ ከእሳት ውጭ በቀዝቃዛ ውሃ ይበጠበጣል፤ ሙቅ ውሃ ላይ ከተነሰነሰ ይጓጉላል፣ አንዴ ከጓጎለ ደግሞ ማማሰያ አያድነውም፣ ወንፊት ነው የሚያድነው። ከዚያ በመካከለኛ እሳት እጅ ሳያርፍ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይማሰላል። ከድስቱ ግድግዳ መላቀቅ ሲጀምር ፐርሰሜሎው ይገባና ትኩስ እንዳለ በሳህን ጀርባ ወይም በትሪ ላይ በስሱ ይለቀለቃል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ድስቱን አውርዶ ስልክ ያነሳል፤ ሲመለስ ገንፎው ረግቷል። የረጋ ገንፎ ድጋሚ ቢሞቅም እኩል አይለቀለቅም። ከበረደ በኋላ ተላጦ፣ ተቆርጦ፣ 180 ዲግሪ አካባቢ በጋለ ዘይት ይጠበሳል። ቴርሞሜትር ከሌለ ትንሽ ቁራጭ ይጣልበት፤ ወዲያው ተንጫጭቶ ወደ ላይ ከተንሳፈፈ ዘይቱ ደርሷል።

ለጿሚ ፓኔሌ ከፓሌርሞ ምግብ ሁሉ የተመቸው ነው፤ ጥንቃቄ የሚሹት ግን ሁለት ነገሮች አሉ። አንዳንድ ዳቦ ሊጡ ውስጥ ስትሩቶ አለበት፤ አንዳንድ ቤት ደግሞ ፓኔሌውንና ሥጋ ያለበትን አራንቺና (የተጠበሰ የሩዝ ድቡልቡል) በአንድ ዘይት ይጠብሳል። ፓኔሌ ብቻ የሚሸጥ ጋሪ ከሁለተኛው ችግር ያወጣል። ለመጀመሪያው ያችው ጥያቄ አለች።

አሁን ወደ አከራካሪው እንሂድ፤ «ፓኒ ካ ሜውሳ»፣ የጣፊያ ዳቦ። የበሬ ወይም የጥጃ ጣፊያና ሳንባ ተቀቅሎ በስሱ ይከተፍና በሰፊ ድስት ውስጥ በስትሩቶ እየሞቀ ይጠብቃል። ሻጩ በሹካ አንስቶ፣ ስቡን ጠርዝ ላይ ጨምቆ፣ ለሁለት የተሰነጠቀ ክብ ዳቦ ውስጥ ይሞላዋል። ሎሚና ጨው ብቻ ከሆነ «ስኬቱ» ይባላል፣ ላጤ ማለት ነው። ሪኮታና ካቾካቫሎ አይብ ከተጨመረበት «ማሪታቱ»፣ ባለትዳር ይሆናል። የመካከለኛው ዘመን የፓሌርሞ አይሁድ አራጆች ለዕርድ ገንዘብ መቀበል በሃይማኖት ስላልተፈቀደላቸው የሆድ ዕቃውን ይወስዱ እንደነበርና ምግቡም ከዚያ እንደመጣ ይነገራል። አይሁዶች ከሲሲሊ ከተባረሩ (የንጉሡ ዐዋጅ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1492 ነው) በኋላም ምግቡ አልጠፋም፤ ዛሬ የሚሞቀው በአሳማ ሞራ መሆኑ የታሪክ ሹፈት ነው። ዱለት የሚወድ ሰው ጣዕሙን አይፈራውም፤ ጣፊያው ብረት ብረት የሚል ጉበት ነው፣ ሳንባው ደግሞ ስፖንጅ። አሳማ የሚበላ ሰው ላጤውን ይዘዝ፤ ሪኮታው ጣፊያውን ከማድመቅ ይልቅ ያደበዝዘዋል። አሳማ የማይበላ ግን «የበሬ ነው» ሲሉት ብቻ እጁን እንዳይዘረጋ። ሥጋው የበሬ ነው፤ ስቡ አይደለም።

ይህን ተቀምጦ ለመቅመስ የሚፈልግ በሳን ፍራንቼስኮ ቤተ ክርስቲያን ፊት ለፊት ያለው አንቲካ ፎካቼሪያ ሳን ፍራንቼስኮ አለ፤ ከ1834 ጀምሮ የሚሠራ ቤት ነው። የቀድሞ ባለቤቶቹ ለማፊያ «ፒትሶ» የሚባለውን የግዴታ ክፍያ አንከፍልም ብለው ፍርድ ቤት የቆሙበት ቤት መሆኑም ይታወቃል። በነገራችን ላይ ከተማው ውስጥ በር ላይ «አዲዮፒትሶ» የሚል ተለጣፊ ካዩ፣ ያ ሱቅ አልከፍልም ካሉት አንዱ ነው። በ2004 በወጣቶች የተጀመረ እንቅስቃሴ ነው።

አራንቺና ላይ ብዙ አንቆይም። ሳፍሮን የገባበት ሩዝ በሥጋ ሳልሳና በአተር ተሞልቶ፣ ተድቦልቡሎ፣ በዳቦ ፍርፋሪ ተለብጦ ይጠበሳል። ፓሌርሞ ላይ ስሙ በሴት ነው፣ አራንቺና፤ ቅርጹም እንደ ብርቱካን ክብ ነው። ካታኒያ ላይ ወንድ ነው፣ አራንቺኖ፤ ጫፉም ሾል ይላል። ጸቡን እነሱው ይጨርሱት። ማወቅ የሚያስፈልገው «አቡሮ» የተባለው በቅቤ የተሠራው ብዙ ጊዜ ውስጡ የአሳማ ፕሮሹቶ እንዳለበት፣ «አካርኔ» የተባለው ባለሥጋው ደግሞ የበሬና የአሳማ ድብልቅ ሊሆን እንደሚችል ነው። ስፒናች ያለበት አለ። መስታወት ሥር የቆየውን በማይክሮዌቭ ሲያሞቁት ልባሱ ይላላል፤ አዲስ እስኪወጣ 10 ደቂቃ መጠበቅ ያዋጣል።

ታኅሣሥ ላይ የሚሄድ ግን የፈረንጆቹን ዲሴምበር 13 ይያዝ። የቅድስት ሉቺያ ዕለት ነው፤ ፓሌርሞ በዚያን ቀን ዳቦና ፓስታ አይበላም። በረሃብ ዘመን፣ በ1646 ይላሉ፣ እህል የጫነ መርከብ ሲደርስ ሕዝቡ እስኪፈጭ መታገሥ ስላልቻለ ስንዴውን እንዲሁ ቀቅሎ በላ፤ መታሰቢያው ነው። አራንቺናው ያን ቀን በየቤቱ ደጃፍ በገፍ ይሸጣል። ከእሱ ይልቅ ግን «ኩቺያ» ይፈለግ፦ ንፍሮ ነው። የስንዴ ንፍሮ በስኳር ከተመታ ሪኮታ፣ ከቸኮሌት ፍርፋሪና ከደረቀ የብርቱካን ልጣጭ ጋር። ስንዴው ቢያንስ ሁለት ቀን ውሃው እየተለወጠ ይዘፈዘፋል፤ ያልተዘፈዘፈ ከሆነ ልጣጩ ጥርስ ውስጥ ይቀራል።

«ስፊንቾኔ» ወፍራም ስፖንጅ መሰል ዳቦ ነው፤ ላዩ ቲማቲም፣ ብዙ ሽንኩርት፣ አንቾቪ የሚባል ጨዋማ ትንሽ ዓሣ፣ አይብና የዳቦ ፍርፋሪ። የሚዞረው የእኛው ባጃጅ ዘመድ በሆነችው ባለሦስት እግር ፒያጆ አፔ ላይ ነው፤ በድምፅ ማጉያ ይጣራል። ትኩስ ከሆነ ጥሩ፣ ካልሆነ ከባድ ዳቦ ነው። ለጿሚ አይሆንም።

ጣፋጩ ላይ ስንደርስ የመጀመሪያው ጥያቄ፣ «መቼ?» የሚለው፣ ሁሉን ይገዛል። የካኖሎ ሕግ አንድ ነው፤ ሲጠየቅ ብቻ ይሞላል። ቅርፊቱ ከዱቄት፣ ከጥቂት ስኳርና ካካዎ፣ ከስብ (በባህሉ ስትሩቶ)፣ ከማርሳላ ወይንና ከጠብታ ኮምጣጤ የተቦካ ሊጥ ነው። እጅግ ሳስቶ ይዳመጥና በብረት ቱቦ ላይ ተጠቅልሎ ይጠበሳል፤ ድሮ ቱቦው ሸምበቆ ነበር፣ ስሙም ከዚያ የመጣ ነው። ሲጠበስ ፊቱ ላይ የሚያብጡት ትንንሽ አረፋዎች የጥሩ ቅርፊት ምልክት ናቸው። ለስላሳ ፊት ያለው፣ ቡናማው አንድ ወጥ የሆነ ቅርፊት ካርቶን ካርቶን ይላል።

ሙሌቱ የበግ ሪኮታ ነው። ሪኮታ ማለት «ድጋሚ የበሰለ» ማለት ነው፤ አይቡ ከወጣ በኋላ የቀረው አጓት እንደገና ሲሞቅ የሚረጋው ነው። የእኛ አይብ ከአሬራ ስለሚወጣ ኮምጠጥ ይላል፤ ሪኮታ ግን ይጣፍጣል፣ በአይብ ሊተካ አይችልም። ካኖሎ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ሌሊቱን አጓቱ ይጠልላል፣ ከዚያ ለኪሎ ከ300 እስከ 400 ግራም ስኳር ገብቶበት ያርፍና በወንፊት ያልፋል። ያልጠለለ ሪኮታ ቅርፊቱን ከውስጥ ያርሰዋል፤ በወንፊት ያላለፈ ደግሞ ምላስ ላይ ይሻክራል። ሁሉም በትክክል ቢሠራ እንኳ ቅርፊቱ ከተሞላ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ባለው ጊዜ መላላት ይጀምራል። ስለዚህ ተሞልቶ በመስታወት ሥር የተደረደረ ካኖሎ፣ ምንም ያህል ፒስታሽዮ ቢነሰነስበት፣ አይገዛም። «ሎ ሪየምፔ አዴሶ?» ይበሉ፤ አሁን ይሞሉታል ወይ? አዎ ካሉ ባዶ ቅርፊቶቹ የት እንዳሉ ይመልከቱ። ሲነከስ ድምፅ ካልሰጠ ዘግይተዋል።

ወቅትም አለው። በጎቹ ለምለም ሣር የሚያገኙት ከክረምታቸው እስከ ጸደይ፣ ከዲሴምበር እስከ ሜይ ባለው ጊዜ ነው፤ ሪኮታው ያን ጊዜ ስብና ሽታ አለው። በኦገስት ሙቀት የሚሸጠው ብዙው ከላም ወተት ወይም በረዶ ቤት ከቆየ ሪኮታ የተሠራ ነው። አይመርዝም፤ ግን ስኳር ብቻ ነው የሚሰማው።

ለካኖሎ የምንመርጠው በፒያሳ ቤሊኒ፣ በቅድስት ካተሪና ገዳም ውስጥ ያለውን «ኢ ሴግሬቲ ዴል ኪዮስትሮ» ነው። ገዳሙ በ14ኛው መቶ ዘመን የተመሠረተ የዶሚኒካን መነኮሳይያት ቤት ነበር። እነሱ ከዓለም ተዘግተው ስለሚኖሩ ጣፋጩን የሚሸጡት ግድግዳ ውስጥ በሚሽከረከር መስኮት ነበር፤ ፊታቸው ሳይታይ ገንዘቡ ይገባል፣ ኬኩ ይወጣል። ዛሬ መነኮሳይያቱ የሉም፤ የምግብ አዘገጃጀታቸውን ከሌሎች የከተማው ገዳማት ጋር አሰባስቦ የሚሠራ ጣፋጭ ቤት ተከፍቷል። ካኖሎው ባንኮኒው ላይ እያዩት ይሞላል፣ መጠኑም ትልቅ ነው፤ አንዱ ለሁለት ሰው ይበቃል። ጉድለቱ ሰልፉ ነው፤ ከምሳ በኋላ ረጅም ይሆናል፣ ጠዋት ይሻላል። ይዞ መብላት ደግሞ ግቢው ውስጥ፣ የብርቱካን ዛፎቹ ሥር ነው።

እዚያው «ካሳታ» አለ፤ የስፖንጅ ኬክ፣ ሪኮታ፣ አረንጓዴ የአልሞንድ ሊጥ፣ ስኳር፣ ከላዩ ደግሞ በስኳር የደረቀ ፍራፍሬ። ስሟ «ቀስዓ» ከሚለው የዓረብኛ ቃል፣ ጎድጓዳ ሳህን ከሚለው፣ እንደመጣ ይነገራል፤ ፓሌርሞ ከ831 እስከ 1072 በሙስሊሞች እጅ ነበረችና አያስገርምም። በጣም ትጣፍጣለች፤ ለአራት ሰው አንድ ቁራጭ ይበቃል ቢባል ማጋነን አይደለም። ይልቅ «ካሳታ አል ፎርኖ» የሚሏት በምድጃ የምትጋገረው ትሻላለች፤ ስኳሯ አነስ ይላል፣ ሪኮታዋ ይሰማል። ሊጧ ስትሩቶ ሊኖርበት ስለሚችል ይጠየቅ። አዲስ አበባ ውስጥ ቦምቦሊኖ የሚወድ ሰው ደግሞ ጠዋት ቡና ቤት ገብቶ «ኢሪስ» ይዘዝ፤ ሪኮታና ቸኮሌት የተሞላ የተጠበሰ ብሪዮሽ (ለስላሳ ዳቦ) ነው። ቦምቦሊኖን ያስረሳል፣ ምሳንም አብሮ።

ግራኒታ የምሥራቅ ሲሲሊ፣ የካታኒያና የመሲና ነው። ጀላቲ አይደለም፤ በረዶ ላይ የፈሰሰ ሽሮፕም አይደለም። ውሃ፣ ስኳርና ሎሚ፣ ወይም የአልሞንድ ወተት፣ ወይም ቡና፣ እየተማሰለ ይበርዳል። ፈተናው ቀላል ነው፤ ማንኪያው ታች ሲደርስ ቀለሙና ጣዕሙ ከላዩ ጋር አንድ መሆን አለበት። ታቹ ነጭ በረዶ ከሆነ ማማሰል ተዘሏል። የሎሚውና የአልሞንዱ በአግባቡ ሲሠሩ ወተት የለባቸውም፤ አብሮ የሚመጣው ብሪዮሽ ግን እንቁላልና ቅቤ አለበት። ፓሌርሞ ላይ ጋሪ የሚገፉት የሚሸጡት ተፍቆ ሽሮፕ የሚፈስበት በረዶ «ግራታቴላ» ይባላል፤ እሱን በግራኒታ ዋጋ መክፈል የለብዎትም።

አከፋፈሉ ላይ ሰው የሚደናገርባቸው ነገሮች አሉ። ብዙ ቡና ቤት ቀድሞ ገንዘብ መቀበያው ላይ ይከፈላል፤ ደረሰኙ፣ «ስኮንትሪኖ»፣ ተይዞ ወደ ባንኮኒው ይኬዳል። ቆሞ መጠጣትና ተቀምጦ መጠጣት ዋጋቸው የተለያየ ሊሆን ይችላል። ምግብ ቤት ሒሳብ ላይ «ኮፐርቶ» የሚል በሰው የሚቆጠር ክፍያ አለ፤ ማጭበርበር አይደለም፣ ዝርዝሩ ላይ ግን መጻፍ አለበት። ዓሣና የአልሞንድ ሊጥ ፍራፍሬ (ማርቶራና) በ«ኤቶ» ይሸጣል፤ ኤቶ 100 ግራም ነው። 3 ዩሮ የሚል ካርድ አይቶ አንድ ኪሎ የሚያስመዝን ሰው 30 ዩሮ ይከፍላል።

ለመውሰጃ የሲሲሊዋን ከተማ የሞዲካን ቸኮሌት የሚያክል የለም። ካካዎው በዝቅተኛ ሙቀት፣ ከ45 ዲግሪ ሳያልፍ ይሠራል፤ ስኳሩ ሳይሟሟ ይቀርና ጥርስ ሥር ይንኮሻኮሻል። ቅቤም ወተትም አይገባበትም፤ ለጾም ይሆናል፣ ሙቀትም ከተራው ቸኮሌት በተሻለ ይችላል። ፊቱ ነጣ ማለቱ የተለመደ ነው፣ ብልሽት አይደለም። የፒስታሽዮ ክሬም ሲገዛ ግን የኋላው ጽሑፍ ይነበብ፤ መጀመሪያ የተጻፈው ስኳር ወይም ዘይት ከሆነ ያው ስኳርና ዘይት ነው የተገዛው። በኤትና ተራራ ሥር ያለችው ብሮንቴ ፍሬዋን የምትለቅመው በሁለት ዓመት አንዴ ስለሆነ ርካሽ «የብሮንቴ» ፒስታሽዮ መጠርጠር አለበት። እውነተኛው ፍሬ ቆዳው ሐምራዊ፣ ውስጡ አረንጓዴ ነው፤ አብረቅራቂ አረንጓዴ ክሬም ግን የቀለም ሥራ ነው።

ካኖሎ ይዞ ለመብረር ባዶ ቅርፊቱና ሪኮታው ለየብቻ ይገዛሉ። ሪኮታው በእጅ ሻንጣ እንደ ፈሳሽ ስለሚቆጠር ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ ከሆነ ፍተሻው ላይ ሊቀር ይችላል፤ አየር አውጥቶ ያሸገ ሱቅ ተመርጦ፣ በበረዶ ከረጢት፣ በሚጫነው ሻንጣ ይሂድ። ቅርፊቱ በእጅ ይያዝ። መንገድ ላይ ከተሰበረም በሪኮታው ላይ ፈርፍሮ በማንኪያ መብላት ነው፤ ፓሌርሞ ውስጥም «ካኖሎ ስኮምፖስቶ» እያሉ ሆን ብለው ሰብረው በብርጭቆ ያቀርቡታል፣ ዋጋውም ከሙሉው አያንስም።